ሸንተረራሟ ቲማቲም

ሰው የሚኮራበት ነገር ሲያጣ በጓሮው ይኮራል። ፎገራ ላይ ይህም ቀላል አይደለም፤ እዚህ ኩራት ማለት ሩዝ ነው፣ ከብት ነው። ከሸዋ መጥቶ ወረታ ላይ ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሰው ቲማቲም ተክሎ ደረቱን ቢነፋ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? እኔን ግን አዩኝ። እንዲያውም እየተጠራሩ አዩኝ።

ከገበያ የገዛሁት ችግኝ ሁሉም የሚያውቀው እንቁላል መሳዩ ቲማቲም ነበር፤ ሻጩ ምሎልኛል። ከመካከላቸው አንዷ ግን ጠፍጣፋ፣ እንደ ዱባ የተሸነተረ ፍሬ አፈራች። ጎረቤቴ አያ ደሴ በአጥር በኩል አይተው፣ በሽታ ነው፣ ሳይዛመት ንቀለው አሉኝ። ሌላዋ ጎረቤት ከዱባ ተዳቅሎ ነው አለች። ኧረ ለመሆኑ ቲማቲምና ዱባ የት ተዋውቀው?

ምርመራውን እኔው ያዝኩት። ቅጠሏ እንደ ሌሎቹ አልተተለተለም፤ ቁርጥ የድንች ቅጠል ነው። ፍሬዋን ስቆርጣት ሥጋ ብቻ፤ ውኃዋም ዘሯም ጥቂት። ቀመስኳት። ወይ ጉድ! በልጅነቴ እናቴ ጓሮ የነበረችው፣ በሣጥን ተጭና መንገድ ስለማትችል ነጋዴ የተዋት ሸንተረራም ቲማቲም! ጠፍታለች ብለን የተውናት! እንዴት ወረታ እንደደረሰች እሷ ትወቅ።

ወሬው ሲዛመት ጎረቤት ሁሉ ልቅመስ እያለ ፍሬዋን ጨረሰው። ለዘር አንዲት ቀረችኝ። በደንብ እስክትበስል መስኮት ላይ አስቀምጬ፣ ባለቤቴን ጥሩዬን ይህች ከሄደች ዘሯ ጠፋ፣ አደራ አልኳት።

ጊዜው ሁዳዴ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የንስሐ አባታችን መምሬ ታከለ ከቅዳሴ መጥተው የቲማቲም ፍትፍት እየበሉ ነው። መስኮቱን አየሁ። ባዶ! ጥሩዬን በዓይኔ ብጠይቃት፣ ለንስሐ አባት ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው አለችኝ። ዘሩስ? ለጨጓራቸው እንዳይከብድ አውጥታ ከእጣቢው ጋር ጓሮ ደፍታዋለች።

በረርኩ። ዶሮዎቹ ቀድመውኛል። አባርሬያቸው እጣቢው ያራሰው ዋልካ ጭቃ ላይ ተንበረከክሁ። ግንባሬን መሬት አስጠግቼ አንዷን የዘር ፍሬ እለቅማለሁ፤ እነሣለሁ፤ ፈቀቅ ብዬ ደግሞ እደፋለሁ። ለካ መምሬ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጥተው ቆመዋል።

“እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ተደብቀህ ነው ለካ የምትሰግደው!”

“ኧረ መምሬ፣ ዘር እየለቀምኩ ነው” አልኳቸው።

ወደ ጥሩዬ ዞር አሉ። “አየሽው፣ ጽድቁን ሲደብቅ!”

ያተረፍኳትን ዘር አጥቤ፣ በአመድ አሽቼ አደረቅሁ። ክረምቱ አልፎ ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ ዘራሁ። በቀለች! ቅጠሏ የድንች፣ ፍሬዋ ሸንተረራም፤ አንዷም አላሳፈረችኝም። ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ? ያን ሰሞን ስሄድ እንኳ ቀና ብዬ ነበር። ጓሮዬን ያላየ የወረታ ሰው ካለ እንግዳ መሆን አለበት።

መምሬም አልተቀመጡም፤ ያዩትን በየማኅበሩ አወሩልኝ። ንቀለው ያሉኝ አያ ደሴ ሳይቀሩ ዘር ሊወስዱ መጡ። ስለ ውኃው፣ ስለ ፍጉ፣ ስለ ድጋፍ እንጨቱ ሳስረዳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ ግራ ቀኝ አይተው ጠጋ አሉኝ።

“ይኼንስ ማንም ያውቀዋል። አንተ እውነቱን ንገረኝ፤ ለአንድ መደብ ስንት ስግደት ይበቃል?”