የተመሰገነው ጉድጓዴ

ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው የሌላ ሰው ጓሮ ነው። የራሱንማ መቼ ያየዋል? እኔ ፊደሉን ሳልጨርስ ስለተዳርኩ ይሆናል፣ እስከ ዛሬ በሰው አጥር ተንጠራርቼ አላውቅም። በወይዘሮ ሙሉነሽ አጥር ካልሆነ በቀር። እሷ ደግሞ ጎረቤቴ ናት፤ አይቆጠርም።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ዲላ ዳርቻ እንሰታችን መሀል ስንኖር፣ አንድ የጽዳት ተቆጣጣሪ ተላከልን። ጤፍ አገር የተወለደ፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ ልጅ ነበር። ጭቃችን በሁለት ቀን መስታወቱን አጠፋለት። ሰፈሩን ሰብስቦ፣ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከሁሉ በፊት ግን በየቤታችሁ ሽንት ቤት ቆፍሩ፤ የልጆቻችሁን ሆድ የሚያሳምመው እናንተ ሜዳ ላይ የምትተዉት፣ ዝንብ የሚያመላልሰው ነው አለን። ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ በተቅማጥ አልቆ ከሞት አፍ ተመልሷልና ነገሩ ልቤን ነክቶት ነበር። ግን ለጎረምሳ «እውነትህን ነው» ማለት የኔ ወግ አይደለም። እናቶቻችን ያላንተ ምክር ዘጠኝ አሥር ወልደዋል አልኩት። ስንቱን ቀበሩ? አለኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መሄዴን ግን ማንም እንደ መረታት እንዳይቆጥርብኝ!

ልጄ ጉድጓዱን ቆፈረ። ጉድጓድ ስላችሁ ዝም ብሎ ጉድጓድ እንዳይመስላችሁ። ግድግዳው ተለስኖ የወጣ የሚመስል፣ ጠብታ ውሃ የማያስገባ። ሳየው አንጀቴን በላኝ። ይህን የመሰለ ጉድጓድ ለዚያ ነገር? ደግሞ እንሰት የሚፋቅበት ጊዜ ደርሶ፣ ቆጮ ቀብሬ የማቦካበት አሮጌው ጉድጓዴ ውሃ ያስገባ ነበር። እናም አዲሱን በእንሰት ቅጠል አለበስኩት፣ የስምንት ሰው ቀለብ ጠቅጥቄ ከተትኩበት፣ ቅጠል ደርቤ ድንጋይ ጫንኩበት። ተቆጣጣሪው ያዘዘውን የሣር ጎጆም በላዩ ቀለስኩ፤ ትእዛዝ አክባሪ ነኝ፣ ቆጮዬንም ከዝናብ ይጠብቅልኛል። ለሌላው ጉዳይ፣ ሌላ ጉድጓድ እስኪቆፈር፣ እንደ ድሯችን እንሰቱ ጀርባ።

ለግንቦት እመጣለሁ ያለው ሰውዬ ሚያዝያ ሳይገባ ሰፈሩን አስከትሎ ከተፍ አለ። የጎጆዬን መዝጊያ ከፈተ፣ አፍንጫውን አስገባ፣ ወዲያው መሐረቡን አወጣ። የከረመ ቆጮ እንዴት እንደሚሸት ለማያውቅ ሰው ምን ይነገረዋል? ከመሐረቡ በላይ ያለው ዓይኑ ግን በደስታ በራ። ሽንት ቤት ማለት ይኼ ነው! አለ። ክዳን ያለው፣ ዝንብ የማያስገባ፣ ሥራ ላይ መዋሉም ከሩቅ የሚያስታውቅ! ጎረቤቶቼ ሁሉ በቆጮ ያደጉ ናቸው፤ ሽታውን ገና አጥሩ ጋ ለይተውታል። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ወይዘሮ ሙሉነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወትፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

የቤቱ ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል ወይ? ብሎ ጠየቀኝ። ልጅ አዋቂው፣ አልኩት። በእግዜር ፊት አልዋሸሁም። እዚያው መናገር ነበረብሽ ትሉኝ ይሆናል። እናንተ በሰፈር ሕዝብ ፊት ተመስግናችሁ ታውቃላችሁ? ከባሌ እንኳ ሰምቼው በማላውቀው ቃል ሲያሞግሰኝ፣ ምን በወጣኝ «የለም ጌታው፣ ምሳችን ነው» የምለው?

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው። ምስጋናው አልበቃ ብሎት ሽልማት ጨመረልኝ፤ አንድ ጆንያ ኖራ። ሽታውን ያጠፋልዎታል እማማ፣ ትሉንም ይፈጃል አለና ተሸካሚውን «ድፋበት!» አለው። ኖራውን ለሙሉነሽ ስጧት፣ እሷ ናት የሚያስፈልጋት፣ አልኩ። የእርስዎ ሽልማት ነው አለ። እንግዲያው ነገ እኔው እደፋዋለሁ አልኩ። የለም፣ አጠቃቀሙን ሰፈሩ ሁሉ ይማር አለ። ይኸን ጊዜ የጆንያው አፍ ተፈቷል። ስምንት ሰው እስከ መጪው ዓመት ምን ሊበላ ነው? ኖራ?

ተሸካሚውን ገፍትሬ ገባሁ። ድንጋዩን አነሳሁ፣ ቅጠሉን ገለጥኩ፣ ከላዩ ቆንጠር አድርጌ በሰፈሩ ሁሉ ፊት ወደ አፌ ላክሁት። አኝኬ ዋጥኩት። ጨው ቢነካው አይጠላም ነበር።

ተቆጣጣሪው ፊቱ ከኖራው ነጣ። አጥሬን ተደግፎ ቁርሱን ለዶሮዎቼ ገበረ። እኛ ሜዳ ላይ ብንቀመጥ ጥፋት ነው፤ እሱ ሜዳ ላይ ሲያስመልስ ግን አንድም ሰው አልገሠጸውም። ወይዘሮ ሙሉነሽ ስቃ ስቃ ሲወጣላት፣ ጌታዬ አይደንግጡ፣ ቆጮ እኮ ነው አለችው። ታዲያ የት ነው የምትጸዳዱት? አለኝ በደከመ ድምፅ። እንሰቱ እንዲህ የወፈረው በጸሎት ይመስልሃል? አልኩት።

ከመዝገቡ ሰርዞኝ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይቆፍሩ፣ ተመልሼ አያለሁ ብሎ ሄደ። ልጄ ሁለተኛ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ይኼኛው ለተባለው ሥራ። የመንግሥት አሥራ አምስት ቀን እስኪሞላ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፤ በዚያ ክረምት የልጅ ልጄ ሆዱን አንድ ቀን አልታመመም። ይህን ለሰውየው አልነገርኩትም፣ እናንተም እንዳትነግሩብኝ።

ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኗል። የማንንም ጎጆ አይከፍትም። ከአጥር ውጪ ቆሞ፣ ሽንት ቤት ነው ወይስ ቆጮ? ይላል። ሽንት ቤት ካሉት ይጽፋል፣ ያልፋል። ወይዘሮ ሙሉነሽ አንድ እፍኝ አፈር ሳትቆፍር የዶሮ ቤቷን በጣቷ አሳይታ አንደኛ ወጣች፤ ኖራውንም ተሸለመች። እኔስ? እውነተኛ ሽንት ቤት ይዤ፣ ጣውላውን አጥቤ፣ አመድ ነስንሼ፣ የሚያይልኝ ሰው ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ግባና በዓይንህ እይ አልኩት። አምኜዎታለሁ እማማ አለኝ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ። ማመኑ ይቅርብኝ፣ እየው! ብዬ መዝጊያውን ስከፍተው፣ አጥሩን ዘሎ መጥቶ በሁለት እጁ ክንዴን ጥርቅም አድርጎ ያዘ፦ «በንጉሥ አምላክ፣ እማማ! እንዳይቀምሱት!»