ከድልድዩ በፊት ካምፑ

ጦርነት አልቆ ሰላም ሲመጣ ቀድሞ ደጃፋችንን የሚያንኳኳው ማን ይመስላችኋል? ዳቦ እንዳትሉኝ። ኮንትራክተር ነው። ጦርነት ያፈረሰውን የሚሠራ፣ ጦርነት ሳይደርስበት እንዲሁ ተረስቶ የኖረውንም ጨምሮ የሚሠራ፣ ቢያንስ "እንሠራለን" የሚል ድርጅት ከየትም ብቅ ይላል። የሠራ ይባረክ፤ በ"እንሠራለን" ግን አንጀቴ አሯል።

አሶሳ የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ በሆነች ሰሞን የተቋቋመው የኛ ኮንስትራክሽን ድርጅትም እንዲሁ ነው የተወለደው። ጦሩ ጥሎት የሄደው ዶዘር ተጠገነ፣ ያረጁ የጭነት መኪኖች ቀለም ተቀቡ፣ ከየአቅጣጫው የተበተነ ወታደርና ታጋይ ተቀጠረ። ትናንት ሲታኮሱ የከረሙ ሰዎች አንድ ሲሚንቶ ማቡኪያ ከበው "ኧረ አሸዋ ጨምርበት" ሲባባሉ ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ደምሰውም ጨዋ፣ ሰው አክባሪ ሰው ነበሩ። አንድ አመል ብቻ ነበረባቸው፤ ካምፕ ይወዳሉ። ሠራተኛው ሥራው እስኪያልቅ የሚያድርበት ግቢ አንድም ነገር ሳይጎድለው ካልተሟላ፣ ሥራ አይጀመርም።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ያኔ ከአሶሳ ወዲያ፣ ወንዝ ተሻግሮ ያለ መንደር ተመድቤ ከባለቤቴ ከአስናቀች ጋር እኖር ነበር። ወንዙ በበጋ ልጅ የሚዘለው ነገር ነው፤ በክረምት ግን ሰውም ከብትም አያሳልፍም። በደረስንበት ክረምት አንዲት ጎረቤታችን ምጥ ይዟት ወደ አሶሳ ስንወስዳት፣ ወንዙ አላሳልፍ ብሎን ቃሬዛው ላይ እንዳለች አረፈች። ዓመቱ ሳይዞር አስናቀችም አረገዘች፤ መውለጃዋ ነሐሴ። እንግዲህ ለናንተ ድልድይ ልማት ሊሆን ይችላል፤ ለኔ ግን ሚስቴ ነበረች።

ድርጅቱ በኅዳር ድልድይ ሊሠራ መጣ። እልል ብለን ተቀበልነው። መኪኖቹ በደረቁ ወንዝ ተሻግረው በኛ በኩል ሰፈሩና ካምፕ ጀመሩ። አጥር ታጠረ፤ ጥሩ። የጥበቃ ቤት ተሠራ፤ ይሁን። መጋዘን፣ ምግብ ቤት፣ የኢንጂነሩ ቢሮ፣ የኢንጂነሩ መኝታ ከነአጎበሩ፣ ኧረ እንዲያውም አበባ ተተከለ! ለሠራተኛው ሕክምና ተብሎ ክፍል ተሠራና ሲስተር ዘነበች የምትባል ነርስ ተቀጠረች። ወንዙ ላይ ግን አንድ ድንጋይ አልተቀመጠም። እኔ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አሶሳ እየሄድኩ ቢሯቸው ውስጥ እጮሃለሁ፤ ኢንጂነሩ ሻይ ያስመጡልኛል። "አይዞህ መምህር፣ ካምፑ ሊያልቅ ነው" ይሉኛል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄኔ ነው።

በግንቦት ካምፑ አለቀ። በግንቦት ዝናቡም ጀመረ። በዝናብ ደግሞ መሠረት አይቆፈርም ተባለና ሠራተኛው ወንዙ ሳይሞላ ጓዙን ሸክፎ ወደ አሶሳ ገባ። መድኃኒቱንና ንብረቱን እንዲጠብቁ ሲስተር ዘነበችና ዘበኛው ብቻ ቀሩ። ያን ቀን ኢንጂነር ደምሰውን ያልረገምኩበት ቋንቋ የለም፤ ከመንደሩ ቋንቋ ከበርትኛ የማውቃት ጥቂት ቃል እንኳ ለዚሁ አገለገለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት አስናቀች "በል፣ ዛሬ ነው" አለችኝ። እየሮጥኩ ወንዝ ወረድኩ፤ ግንድ እያገላበጠ ይሄዳል። መሻገሪያ ፍለጋ ዳር ዳሩን ወደ ላይም ወደ ታችም ሮጥኩ፤ የለም። ስመለስ ጎረቤቶቼ አስናቀችን ወደ ካምፑ ወስደዋታል። እኔ ውጪ አበባው መሃል ስንጎራደድ፣ በሲስተር ዘነበች እጅ፣ በኢንጂነሩ አልጋ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። እናትም ልጅም ደህና። በዚያች ሰዓት ኢንጂነር ደምሰውን መረቅኩ፤ መርገም የለመደ አፌ ግን ምርቃቱ ላይ ተንተባተበ።

ከዚያ በኋላ ወባ የያዘውም፣ እባብ የነደፈውም፣ ምጥ የመጣባትም ካምፕ ሆነ መንገዱ። ጤና ጣቢያ ይሠራልን ብለን ስንጠይቅማ የክልሉ ጤና ቢሮ የመለሰልን መልስ "መጀመሪያ ድልድይ ይኑራችሁ" የሚል ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ኢንጂነሩ ዶዘራቸውን አስከትለው መጡና ሕዝቡን ሰበሰቡ። "ባለፈው አሳፍረናችኋል። ዘንድሮ ግን ድልድዩ ያልቃል" አሉ። ማንም አላጨበጨበም። የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ሐሚድ ቀስ ብለው ተነሡና በተሰባበረ አማርኛቸው ጠየቁ።

"ድልድይ አለቀ፣ ካምፕ የት ይሄዳል?"

"ይነሣል፣ አባቴ። ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል።"

"ሲስተርስ? እሱም ይሄዳል?"

"አብራ ትሄዳለች እንጂ።"

ሼሁ ዞረው እኔን አዩኝ። "ኡስታዝ፣ አንተ ተናገር" አሉኝ፤ አስተማሪን ኡስታዝ ነው የሚሉት። ድልድይ ባለቀ ማግስት ጤና ጣቢያ ይመጣል ብዬ ልከራከራቸው አሰብኩ። ግን ማን ሊሠራው? ይኸው ድርጅት! ከካምፑ ጀምሮ! አስናቀች ልጃችንን ታቅፋ ከሴቶቹ መሃል ቆማ ታየኛለች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ተነሣሁ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "ቶሎ በሉ" እያልኩ ስጮህ የከረምኩት ሰውዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ኢንጂነር፣ ድልድዩ ብዙም ባይቸኩልስ?" ብዬ ለመንኩ።

ኢንጂነር ደምሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፊታቸው ላይ ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረም። "መምህር፣ በዚህስ አናሳፍራችሁም" አሉኝ።

ቃላቸውን ጠበቁ። ልጄ ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ አሶሳ የምትሄደው በበጋ ብቻ ነው።