ይግዛው ዘደሃና የማር ናሙና ይዞ ወደ ሰቆጣ የዘመተበት ዜና

ንጽሕፍ ዜናሁ ለይግዛው። በ፲፱፻፺፱ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ የርቀት ትምህርት በሰቆጣ በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ በወርኀ ኅዳር፣ ሞዓ አሳይመንት ዘእምነገደ ደሃና፣ ሥዩመ ሞጁል፣ የዓለም አቀፍ ንግድ ተማሪ ይግዛው ወልደ ማንጠግቦሽ ለዲግሪው የመጨረሻውን ዘመቻ ዘመተ። የዋግን ማር ወደ ውጭ ስለ መላክ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፎ ነበርና መምህሩ ሰማኸኝ አዋጅ አስነገሩ፦ «ናሙና ይዞ ያልቀረበ ለከርሞ ይመለስ!»

ከርሞ ለይግዛው ሞት ነበር። የእጮኛው የእታገኝ አባት አቶ ቅጣው፣ «ዘንድሮ ካልተመረቀ ልጄን ለሌላ እድራለሁ!» ብለው በሰንበቴ ፊት አውጀውበታልና።

እናቱም ማሩን በባልዲ ሞልታ በአህያ ጭና ሸኘችው። ታዲያ በአገሩ ሥርዓት ማር ቆርጦ መንገደኛን ሳያቀምስ ያለፈ ሰው ንቡ ቀፎውን ጥሎበት ይሄዳል። ማን ይደፍራል! ገና መንደሩን ሳይወጣ አባ ገብረ አምላክ ማር የጾም ነው ብለው ለራሳቸው ፈትተው ቀመሱ፤ ወይዘሮ ውባንቺ ጉሮሮዬን ብላ ቀመሰች፤ ጉሮሮዋ ግን ከማንም ደህና ነበር። አቶ ቅጣውም መንገድ ላይ አገኙትና፣ አማትን እንቢ ማለት ነውር ነውና፣ ሙሉ የማር እንጀራ አነሡ። የበላ ሁሉ ባዶ እጁን መመለስ አፍሮ ጀግናውን አጀበ፤ አጃቢውም በየዳገቱ ደግሞ ቀመሰ፤ እንዲህ እያለ ሠራዊቱ ሲበዛ ማሩ አነሰ፣ ሰቆጣም ሲገቡ ባልዲው ባዶ ሆነ።

መምህር ሰማኸኝ ክዳኑን ከፍተው አዩ። ይግዛውም እታገኝን አሰበ፤ አለቀሰም ማለት ይቻላል። ከዚያ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባልና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አወጀ፦ «የዋግ ማር ዓለም ገበያ ያልደረሰው በመንገድ እጦት አይደለም፤ በቀረጥም አይደለም፤ ከደሃና ሳይወጣ ስለምንበላው ነው! ማስረጃዎቼ እነሆ፣ ጣታቸውን ይመልከቱ!»

ሠራዊቱ ሁሉ እጁን ዘረጋ። አባ ብቻ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። መምህሩም የአጃቢውን ጣትና ጢም መርምረው ፈረዱ፦ «የገበያ ጥናቱ በተጨባጭ ተረጋግጧል፤ አልፏል!» አቶ ቅጣውም ከንፈራቸውን እየጠረጉ አከሉ፦ «ልጄን ድሬያለሁ፤ የሠርጉም ጠጅ ከዚያው ቀፎ ይሁን!»

ክብር ለይግዛው፣ ለሞጁል ድል አድራጊ፣ ለእታገኝ ባል፣ ከዋግ አንዲት ጠብታ ማር ሳያስወጣ በውጭ ንግድ ለተመረቀው።