በሥራ ሰዓት ያልተገኘችው ዝንብ

የሰው ልጅ ብዙ ነገር ፈልጎ አግኝቷል። ፈልጎ ያጣ፣ በማጣቱም ቤት ሙሉ ሕዝብ ቆሞ ያጨበጨበለት ግን የበሽታ ተመራማሪው ዶክተር ብቻ ነው። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ያቺን ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት፣ ነክሳ ቁንጭር የሚሉትን የቆዳ ቁስል ተክላ የምትሄድ የአሸዋ ዝንብ ሦስት ዓመት ሙሉ በከተማው ሲያስስ ኖሮ አንዲት እንኳ አልያዘም። ይህን ያህል አለመያዝ ትጋት ይጠይቃል።

ትጋቱም እንዲህ ነበር። ወጥመዶቹ፣ መብራት ያላቸው መረቦችና የጉሎ ዘይት የተቀቡ ወረቀቶች፣ ከንብረት ክፍል የሚወጡት ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ነው። ተቆጥረው የሚመለሱት አስራ አንድ ተኩል ላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ንብረት ውጭ አያድርም። ዝንቧ ደግሞ ከግድግዳ ስንጥቅ ብቅ የምትለው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ዶክተሩ ይህን አያውቅም እንዳትሉ፤ ከመመረቂያ ጽሑፉ አርባ ገጹ ስለዚሁ ነው፣ አርባውንም በቃሉ ይወጣዋል። እንዲያውም አንድ ጊዜ ደፍሮ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አስጠሩት።

"ወጥመዱ ውጭ ይደር ነው የምትለው?"

"አዎ ጌታዬ። ከአስራ ሁለት ሰዓት በፊት አትወጣም።"

"እኛስ በዚያ ሰዓት ቢሮ እንገኛለን?"

"አንገኝም።"

"ታዲያ እኛ በሌለንበት የምትመጣ ዝንብ የማን ጉዳይ ናት?"

ዶክተሩ መልስ ነበረው። ነገር ግን የደረጃ እድገቱ ማመልከቻ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነበር። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ አፉን ዘጋና ወጣ። ከዚያ ወዲያ በጠራራ ፀሐይ መብራት እያበራ ሦስት ዓመት ሰነበተ። ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ መረቡን ከፍቶ ያያል፣ "ዜሮ" ብሎ ይመዘግባል፣ ቀኑንም ይጽፋል። በጽሕፈቱ ውበት የሚወዳደረው አልነበረም።

የግቢው ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ነገሩ ቢከነክናቸው ጠጋ አሉት።

"ዶክተር፣ እነሱን ከሆነ የሚፈልጉት ሲመሽ እኔ ጋ ብቅ ይበሉ። እግሬን ሲበሉኝ ነው የሚያመሹት።"

"አባባ፣ ይሄ እኮ ሳይንስ ነው።"

"እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሉ ዘበኛው፣ እግራቸውን እያከኩ።

ጥናቱ ተጠናቀቀ። ዶክተሩ ሕሊናውን እንዳይቆረቁረው አንዲት ጥንቁቅ ዓረፍተ ነገር ጻፈ፦ "በተቀናጀና ባልተቋረጠ አሰሳ የዝንቧ መኖር አልተረጋገጠም።" ዓረፍተ ነገሯ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀን አድራ "የዝንቧ አለመኖር ተረጋግጧል" ሆና ወጣች። ዶክተሩ አያት፣ ፈረመባት። ጥናቱ በተመረቀበት ቀን ኃላፊው "ክቡራትና ክቡራን! ዜሮ እንዲሁ በዋዛ የሚገኝ ቁጥር አይደለም!" ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዶክተሩም አጨበጨበ፤ ከሁሉ ጠንክሮ ያጨበጨበው እሱ ነው። እድገቱም ጸደቀለት። ዝንቧ ከሌለች በሽታው የለም፣ በሽታው ከሌለ መድኃኒቱ ትርፍ ነው ተብሎም የከተማው ጤና ጣቢያ የቁንጭር መድኃኒት እስከ መጨረሻው ብልቃጥ ተጭኖ ወደ ጎረቤት ከተማ ተላከ።

በአራተኛው ወር ዶክተሩ አፍንጫ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ወጣች።

"ብጉር ናት" አለ በመስታወት እያየ።

"በአርባ ስድስት ዓመትህ?" አለች ሚስቱ።

"ጭንቀት ያመጣዋል።"

ነጥቧ አበጠች፣ መሐሏ ጎደጎደ፣ ዳር ዳሯ ከንፈር አወጣ፤ ቅርፊት ያዘች እንጂ አታምም። ስለዚህ ዓይነት ቁስል ሰባት ጽሑፍ ያሳተመ ሰው በሰባተኛው ሳምንትም "ብጉር" ይላል። ሚስቱ የገዛ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዳ የአንድ ታማሚ ፎቶ ያለበትን ገጽ ፊቱ ዘረጋችው።

"ይሄ ሰውዬ ያንተኑ አፍንጫ ይዞ የለም እንዴ?"

"እሱ የሌላ ከተማ ሰው ነው።"

"ቀጣዩ ገጽ ላይስ ያለው? ይኸውልህ፣ ጭራሽ አፍንጫ የለውም!"

ዶክተሩ ሥዕሉን አየው። ፎቶውን ያነሣው ራሱ ነበር፣ ሰውየውን ለምን ዘግይተህ መጣህ ብሎ መቆጣቱም ትዝ አለው። ፈራ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ዝንቧ ባለቤቱን ከነማዕረጉ ንቃዋለች። ከተማው ውስጥ ልታከም እንዳይል መድኃኒቱን ያስጫነው ራሱ ነው። ስለዚህ በማግስቱ የሚስቱን ሻሽ ፊቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው አገጩን ደግፎ፣ በአውቶቡስ ወደ ጎረቤት ከተማ ሄደ።

የጤና ጣቢያው ኮሪደር በሰው ተሞልቷል። ዶክተሩ አግዳሚው ላይ ሊቀመጥ ሲል ቀና ብሎ ቢያይ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ጉንጩን በፋሻ ሸፍኖ ተቀምጧል። ከጎኑ የልጁ አስተማሪ ጆሮዋን ይዛለች። በር ላይ አንድ እግራቸውን በጨርቅ የጠቀለሉት ዘበኛው ናቸው። ሻሹ ማንንም አላታለለም፤ ሁሉም ብድግ አሉለት።

"ዶክተር፣ እርስዎ ይቅደሙ" አሉ ዘበኛው። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ "ከየት ነው ሲሉዎት ከዚሁ ይበሉ። ጥናትዎን እንዳናሳጣብዎ ብለን ሁላችንም ከዚሁ ነን ነው ያልነው።"

ዶክተሩ አፈረ። ቁስሉ ያላመመውን ያህል ይህች አመመችው። አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ልሁን ብሎ ቆረጠ፤ ነርሷ ፊት ሲቀርብ ሻሹን ፈታ።

"ከየት ነው?" አለች ነርሷ ከመዝገቡ ቀና ሳትል።

"ከወዲያኛው ከተማ። እዚያው፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ ነው የተነከስኩት።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አይሆንም። እዚያ በሽታው የለም።"

"እህቴ፣ አፍንጫዬን እያየሽው!"

"አይቻለሁ። ግን ከጥናት በላይ ዓይን የለኝም። ከዚያ የመጣ እንዳይስተናገድ ተብለናል።" ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቷ አሳየችው። የግርጌው ፊርማ ከሩቅ ያስታውቃል፤ የጽሕፈቱ ውበት ወደር አልነበረውም።

"የፈረምኩት እኮ እኔ ነኝ! ጥናቱን የሠራሁት እኔ ነኝ! ስሕተት ነው!"

ነርሷ ከወንበሯ ተነሥታ በአክብሮት እጅ ነሣች።

"እርስዎ ነዎት እንዴ? እንግዲያው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ አልታመሙም። ቀጣይ!"

ዘበኛው እግራቸውን እየጎተቱ ቀረቡ።

"ከየት ነው አባባ?"

"ከዚሁ ነኝ፣ ልጄ" አሉ፣ ወደ ዶክተሩ እንዳያዩ ተጠንቅቀው።