ካሜራዬ የያዘብኝ ማስታወሻ

ጎበዝ የሚያሰኝን ሥራ በአጋጣሚ እንደ መሥራት ያለ መከራ የለም። በችሎታህ የሠራኸው ከሆነ ትደግመዋለህ። በአጋጣሚ የሠራኸው ከሆነ ግን ሰው ሁሉ «እስቲ ድገመው» ሲልህ እጅህን ገልበጥ አድርገህ እያየህ «ያኔ ምን አድርገህ ነበር?» ትለዋለህ። እጅ ደግሞ አይመልስም። እኔ እስከ ዘንድሮ ድረስ እንዲህ ያለውን ጉድ ከእኔና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ተዝናንቼ ነበር። ለካ ካሜራዬ አንድ ሳያስቀር ጽፎ ይዞብኛል!

አሶሳ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ አባቴ ሥራዬን ለሰው ሲያስረዳ እስከ ዛሬ «ሰው ሲበላ ቆሞ የሚያይ ነው» ይላል። እኔ ግን ስም አለኝ። ስሜ የገነነው ከሁለት ዓመት በፊት ባምባሲ ላይ በቀረጽኩት የራሕማ ሠርግ ነው። ቪዲዮው ላይ ሙሽራዋ ብቻ አይደለችም፤ አጥሩ፣ የማንጎው ዛፍ፣ የሚዜዎቹ ጫማ ሳይቀር ማር የተቀባ ይመስላል። ወርቅ በወርቅ ነው። ያየው ሁሉ እንዴት እንዳደረግኩት ጠየቀኝ። ምን ልበል? እኔም እንደ ማንም ሰው ያየሁት ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ነው። «የእጅ ነው» አልኩ። «ሴቲንጉን አንድ በአንድ በእጄ ነው የማስተካክለው፤ አውቶ አልነካም።» አንዴ ካልኩት በኋላ አፌ ላይ ጣፈጠኝና ሁለት ዓመት ሙሉ ደጋገምኩት። አውቶ ለሚጠቀሙ የሙያ ባልደረቦቼም በአደባባይ አዘንኩላቸው።

ዘንድሮ የራሕማ ታናሽ ሰሚራ ልታገባ ሆነና እናታቸው እማማ ሐዋ ከባምባሲ ድረስ ሱቄ መጡ። እማማ ሐዋ የበርታ ሴት ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ለልጆቻቸው እኩል ፍቅር እንዳላቸው የማውቀውም ሁለቱንም ሴቶች ልጆች «እሱ» ስለሚሏቸው ነው። ወንበር ሳይዙ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። «ራሕማ ወርቅ ሆነ። ሰሚራም ወርቅ ይሁን። አንዱ ወርቅ፣ አንዱ አመድ ከሆነ፣ ወላሂ፣ ሁለቱ እኔ እስኪሞት አይነጋገርም» አሉኝ። ማጋነናቸው እንዳይመስላችሁ። እነዚህ እህትማማቾች በልጅነታቸው እኩል ባልተከፈለ ማንጎ ምክንያት ሳምንት ተኳርፈው የከረሙ ናቸው። እኔስ? ደረቴን ነፋሁና «እማማ፣ ምንም አያስቡ፤ በእጄ ያለ ነገር ነው» አልኳቸው። «አላህ እጅህን ይጠብቅ» ብለው ሄዱ።

እሳቸው ሲወጡ ብርድ ብርድ አለኝ። ያንኑ ቀን ሚስቴን በር ላይ አቁሜ ካሜራዬ ላይ ያለውን ቁልፍ ሁሉ እየነካካሁ ሞከርኩ። አንዴ አረንጓዴ ሆነች፣ አንዴ ሰማያዊ ሆነች። ሰማያዊዋን ሳሳያት ግንባሯን ዳብሳ «አሞኛል እንዴ?» አለችኝ።

ያዳነኝ ጎረቤቴ መምህር ይበልጣል ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሲሆን የሚያስተምረው ኮምፒውተር ነው፤ የሚወደው ግን ሰው ሲሳሳት ማየት ነው። ጭንቀቴን ስነግረው «አንተ ሰውዬ፣ ምን ያስጨንቅሃል? ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ የለም እንዴ?» አለኝ። ምኑ? ሁሉ ነገር ነዋ! ካሜራው ምስል በቀዳ ቁጥር የሌንሱን ክፍተት፣ የሹተሩን ፍጥነት፣ የብርሃኑን መጠን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ምን በአውቶ ምን በእጅ እንደተሠራ እዚያው ቪዲዮው ፋይል ውስጥ ይጽፋል። ሜታዳታ ይሉታል አለኝ። መጀመሪያ በደስታ ዘለልኩ። ቀጥሎ ቀዝቀዝ አልኩ። ይህን ሁሉ ዘመን አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ዕቃ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ዝም ብሎ ሲመዘግበኝ ነው የኖረው?

እየሮጥኩ ስልኬ ላይ ያለውን የራሕማን ቪዲዮ ሰጠሁት። ከፈተው፤ ሜታዳታው ባዶ። ቴሌግራም ሲያስተላልፈው አጥቦታል አለኝ። ለቤተሰቡ የሰጠሁትን ፍላሽ ቅጂ ሰጠሁት። እሱም ኤዲት የተደረገበትን ቀን ብቻ ተናገረ። ከካሜራው እንደወጣ ያልተነካካው ኦሪጅናል ካልተገኘ ወሬ የለም አለኝ። ኦሪጅናሉ ደግሞ ያለው የእኔ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። የእኔን ሃርድ ዲስክ ታውቁታላችሁ? «አዲስ ፎልደር» አለ። «አዲስ ፎልደር 2» አለ፤ እስከ አርባ ምናምን ይሄዳል። «የመጨረሻ» አለ፣ «የመጨረሻ ትክክለኛው» አለ፣ «የመጨረሻ ይሄ ነው በቃ» አለ። ግማሽ ቀን ቆፍረን «ልዩ ልዩ» የሚለው ውስጥ ገባን፤ እዚያ ውስጥ «አይነካ» የሚል ተቀምጦ ራሕማ ከነወርቋ ተገኘች።

መምህር ይበልጣል ዝርዝሩን ከፍቶ ፍርድ እንደሚያሰማ ዳኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ጀመር። የሌንስ ክፍተት፣ አውቶ። ፍጥነት፣ አውቶ። አይኤስኦ፣ አውቶ። ፎከስ፣ አውቶ። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ጫማዬ ያን ያህል ትኩረት አግኝቶ አያውቅም። እሱ ግን አልራራልኝም፤ «በእጄ ነው ያልከው የቱ ነው? ካሜራውን መሸከሙን ነው?» አለኝ። ከዚያ አንድ መስመር ወረደና ቆመ። «ዋይት ባላንስ፣ በእጅ!» አለ። ብድግ ብዬ ጉንጩን ሳምኩት።

ዋይት ባላንስ ማለት እንዲህ ነው፤ ካሜራ ነጭ ምን እንደሆነ በራሱ አያውቅም። ነጭ ነገር ታሳየውና «ነጭ ማለት ይህ ነው» ትለዋለህ፤ እሱም አምኖህ የቀረውን ቀለም ሁሉ በዚያ ይለካል። ከጎኑ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ የሚል ቁጥር ተጽፏል። መምህሩ ቁጥሩን አይቶ አማተበ፤ የደህና ቀን ብርሃን ከአምስት ሺህ ብዙም አያልፍም። ሰማያዊ ነገር አሳይቼ ነጭ ነው ብዬ ሳላታልለው አልቀርም አለኝ፤ ምስኪኑ ካሜራም ሰማያዊውን ላጥፋ ሲል ዓለሙን ሁሉ ቢጫ ቀባው። ሰማያዊ ነገር? የት አግኝቼ? ያኔ ትዝ አለኝ። የዚያን ዕለት ነጭ ወረቀት ረስቼ ሄጄ ነበር። እማማ ሐዋ ቶብ የሚባለውን ረጅም ነጭ መጠቅለያቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመው ስላየኋቸው «እማማ፣ አንዴ ይቁሙልኝ» ብዬ ካሜራውን ቶባቸው ላይ አነጣጥሬ የዋይት ባላንሱን ቁልፍ ብቻ ተጫንኩ። እማማ ሐዋ ደግሞ ነጭ ልብስ ሲያጥቡ ዘህራ የሚሉትን ሰማያዊ ዱቄት ውኃው ውስጥ በትነው ነው የሚያለቀልቁት፤ ቶባቸው ከመንጣቱ ብዛት ወደ ሰማይ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። እንግዲህ ሁለት ዓመት የተኩራራሁበት ጥበብ የእማማ ሐዋ አጠባ ነበር።

ቢሆንም ቁጥሩ ተገኝቷል! ካሜራዬ ላይ ሞላሁት፤ ሚስቴን በር ላይ አቆምኳት፤ ወርቅ ሆነች። አሁን ታዲያ ሰው ሆንኩ። ከእንግዲህ ይህ ዕቃ የሚጽፍብኝ ከሆነ በሥርዓት ይጻፍብኝ አልኩና ያልተስተካከለውን ሁሉ አስተካከልኩ። ስሜን አስገባሁ። ቀኑን ሳየው ከተገዛበት ጊዜ ጀምሮ በፈረንጆች ነው የሚቆጥረው፤ «የእኛ ሰው ሠርግ በፈረንጅ ቀን?» ብዬ ያንንም ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። ኮራሁ።

የሰሚራ ሠርግ ሰመረ። ሰሚራ ወርቅ፣ አጥሩ ወርቅ፣ ማንጎው ወርቅ። እማማ ሐዋ በዚህኛው ሮዝ ቶብ ለብሰው ነበር። ወደ ጥግ ጠሩኝና አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ራሕማ ሠርግ ቀን፣ በር ላይ ቁሙልኝ አልክ፣ እኔ ቆምኩ፣ ሳቅኩ፣ አንተ ቀረጽክ። ቪዲዮ ውስጥ እኔ የለም። ሁለት ዓመት ፈለግኩ» አሉኝ። ያንን ቪዲዮ በየሳምንቱ እንደሚያስከፍቱ ሰምቼ በሥራዬ ኮርቼ ነበር፤ ለካ ራሳቸውን ፍለጋ ኖሯል! እውነቱን ነገርኳቸው። በአውቶውም፣ በዘህራውም፣ በሁሉም ተናዘዝኩ፤ ወርቁ በሙሉ እሳቸው እንደሆኑ ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ሙሽሮቹን ትቼ እማማ ሐዋን ብቻ ረዘም አድርጌ ቀረጽኳቸው።

ሳምንት ቆይቼ ቪዲዮውን ይዤ ሄድኩ። ሁለቱ እህትማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት። አልቆ ፍላሹን ገና ሳልነቅለው ራሕማ «የሰሚራ ወርቅ ይበልጣል» አለች። ሰሚራ ደግሞ «የራሕማ ይበልጣል» አለች። እማማ ሐዋ እኔን አዩኝ፤ ማንጎው ተመልሶ መጣ። እኔ ግን ተዘጋጅቻለሁ። የሁለቱንም ሠርግ ሜታዳታ ከኦሪጅናሉ አውጥቼ፣ በአንድ ወረቀት ጎን ለጎን አሳትሜ፣ የሱቄን ማኅተም አድርጌበታለሁ። «ይኸው! ሐሜት አያስፈልግም፤ ማስረጃ ነው!» ብዬ ዘረጋሁላቸው።

ራሕማ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ሰው ናት፤ ወረቀት በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው። ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ፣ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ። «እኩል ነው» አለች። ሰሚራ ፈገግ አለች። እማማ ሐዋ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የራሕማ ጣት ግን አልቆመም፤ ወደ ታች ወረደ፣ ቀኑ ላይ ደረሰ። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ እህቷን አየች፣ ወረቀቱን ለእናቷ አዞረች። በዚህ ማስረጃ መሠረት ታናሿ ሰሚራ ከእሷ ወደ ስድስት ዓመት ገደማ ቀድማ ነው ያገባችው። ሰሚራ በሳቅ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ «ማኅተምም አለው እኮ!» እያለች።

እማማ ሐዋ ወረቀቱን ተቀብለው ገለባበጡት፤ ከዚያ ጣታቸውን ቀኑ ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ በጣም በአክብሮት፣ «ልጄ፣ ይሄ አውቶ ነው ወይስ በእጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ ማንም ሳይነግረኝ አውቄ፣ አስቤ፣ በገዛ እጄ ያስተካከልኩት ብቸኛው ሴቲንግ እሱ ነበር።