ምራን የሌለው ጥማድ

ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ሳሎኑ ላይ የእርሻ ሥዕል የሰቀለ ሐበሻ ሁሉ፣ ይዋል ይደር እንጂ ተቆጣጣሪ ይመጣበታል። የእኛ ተቆጣጣሪ ክቡር ጋሽ ሀብተሚካኤል ናቸው። ሀገር ቤት የእርሻ ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ፤ ዴንቨር ሃያ ዓመት የሆቴል እንግዳ በመኪና ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከግብርናው ግን እስከ ዛሬ ጡረታ የሚያወጣቸው አልተገኘም።

ሰው ቤት ሲገቡ ቀጥታ ወደ ግድግዳው ይሄዳሉ፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ያወጣሉ፤ ከዚያ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች፤ «ይኼን የሣለው ሰው አርሶ ያውቃል?»

አንዴ ሃቫና ስትሪት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው፣ ድርቆሽ የተከመረበት ሥዕል አዩና ዝናብ ሳይመጣ እንዲሸፈን እንግዳ ተቀባይዋን አስጠነቀቁ። ይህንንስ ስቄ አለፍኩት። ያስደነገጠኝ ለቅሶ ቤት ያደረጉት ነው። እንባቸው ሳይደርቅ ብድግ ብለው፣ ላም የምትታለብበትን ሥዕል እያሳዩ ጥጃው የት እንዳለ ጠየቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐዘንተኛዋ ግን ነጠላዋን ከዓይኗ አንሥታ ጥጃውን መፈለግ ጀመረች።

እንግዲህ ሎውሪ የሚባል ሰፈር ቤት ገዝተን ለምርቃት ስንጠራቸው ጭንቀቴን ገምቱ። ሳሎን የተሰቀለው ጥማድ በሬ የባለቤቴ የሰርካለም የመጀመሪያ ሥዕል ነው። ከሆስፒታል ሥራዋ በተረፋት ሰዓት የሥዕል ክላስ ገብታ አራት ወር ለፍታበታለች። ያደገችው መርካቶ ነው፤ በሬ የምታውቀው በኪሎ ነው። አንድ ሰው ቢስቅባት ብሩሽ ሁለተኛ እንደማትነካ ነግራኛለች። ስለዚህ ለጋሽ ሀብተሚካኤል አስቀድሜ ደውዬ፣ ለዛሬ ብቻ ግድግዳ እንዳያዩ ለመንኳቸው። በሚካኤል ስም ቃል ገቡልኝ።

ቃላቸው ሦስት ደቂቃ ቆየ።

«ልጄ፣ ቀንበሩ ከሞፈሩ ጋር አልታሰረም» አሏት። «ማሰሪያው ጠፍር፣ ምራኑ የለም። በሬዎቹ ቢሄዱ ገበሬው ከነሞፈሩ እዚሁ መቅረቱ ነው።»

ሰርካለም ከንፈሯን ነክሳ ሥዕሉን ልታወርድ እጇን ዘረጋች። ይኼኔ ጋሽ ሀብተሚካኤል ቀበቶአቸውን መፍታት ጀመሩ።

ክው አልኩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ በእንግዳ ፊት! ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። እሳቸው ግን ቢላ አስመጥተው የቀበቶውን ጫፍ ቆረጡ፤ ቁራጩን እንደ ክር ሰንጥቀው ሰርካለምን ሙጫ ጠየቋት። ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አውርደው፣ ሁለቱ ጎንበስ ብለው ቀንበሩን ከሞፈሩ አሰሩት።

«በይ፣ አሁን ያርሳሉ» አሉ። «የሚቀጥለውን ስትጀምሪ ጥሪኝ።»

ያን ቀን ወደድኳቸው ብል ውሸት ነው፤ ከድሮም እወዳቸው ነበር። የምርቃቱን ድግስ በደንብ ስለበሉ ያጠረው ቀበቶ አልደርስ ብሏቸው፣ የራሴን አስታጥቄ ሸኘኋቸው።

ሰርካለም አሁን ላም ጀምራለች። ትናንት ከሥራ ገብቼ ሳልቀመጥ ሸራው ፊት ቆምኩና «ጥጃው የት አለ?» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥኩ።