ስልክ የቀደመው መርዶ

ሰው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ምን ይሠራል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፤ «አለሁ» ይላል። ለመረጃ ነው፣ ለሥራ ነው፣ ከዘመድ ለመገናኘት ነው የሚሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ እኔም እንዲያ እያልኩ ነው ዓይኔ እስኪቀላ ስልኬን የምጎረጉረው። ሐርጌሳ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቀኑን ሙሉ ዋሄን ገበያ በተሰባበረ ሶማልኛ ስትከራከሩ ውላችሁ ቤት ስትገቡ፣ በገዛ ቋንቋችሁ «የኔ ጀግና፣ አምሮብሃል!» የሚላችሁ ሰው ስልካችሁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ያማረብኝ ነገር እንደሌለ መስታወቴ ያውቃል። ቢሆንም ደስ ይላል።

ሰዒድ ላይ የማልፈርደው ለዚህ ነው። ማለቴ፣ ብዙም የማልፈርደው። ሰዒድ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ፀጉር የሚያስተካክል የወሎ ልጅ ነው፤ ልቡ ደግ፣ ጣቱ ችኩል። አንድ ቀን የጓደኛችን የጀማል እናት ኮምቦልቻ ላይ ማረፋቸውን ከአገር ቤት ተደውሎ ሰማ። ጀማል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ዕለት ጭነት ሊያነሳ በርበራ ወርዶ ነበር። መርዶ እንዴት እንደሚነገር መቼም ታውቃላችሁ፤ ሐዘንተኛው ምንም ሳይሰማ በልቶ እንዲያድር ይደረጋል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ተሄዶ በሩ ይንኳኳል። ሰዒድ ግን የሴትዮዋን ፎቶ ለጠፈና «ወንድሜ ጀማል፣ አላህ ሶብሩን ይስጥህ» ብሎ ጀማልን ታግ አደረገው።

ሮጬ ፀጉር ቤቱ ደረስኩ።

«አጥፋው! ሰውየው መሪ ጨብጦ እኮ ነው ያለው!»

«ይሄ ሁሉ ሰው ዱዓ እያደረገላቸው እንዴት ላጥፋው?» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።

ፊቱ ላይ ሐዘንም ነበረ፣ ደስታም ነበረ፤ የትኛው እንደሚበዛ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ዕድሜውን ሙሉ ያን ያህል ሰው ሰምቶት አያውቅም። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን በስንት ልመና አጠፋው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጀማል ሲመሽ ገባ። ስንደውልለት ድምፁ ደህና ነው፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ትንሽ ደክሞኛል» አለን። አላየም ማለት ነው ብለን ተነፈስን። በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሼክ ኑር ሰፈር ወዳለው ቤቱ ሄድን፤ ከፊት በዕድሜ የሁላችን ታላቅ የሆኑት ሐጂ ኑሪ፣ ከኋላ ሰዒድ አንገቱን ደፍቶ። ገና ሳናንኳኳ ጀማል ከፈተልን። ልብሱን ለብሷል፤ ምንጣፉ ተነጥፏል፤ መቀመጫ ለሁላችንም ተዘጋጅቷል። ያኔ ገባኝ።

ሐጂ ኑሪም ሳይገባቸው አልቀረም፤ ቢሆንም የመጡበትን ተናገሩ።

«ልጄ፣ እናትህ ወደ አኼራ ሄደዋል።»

ጀማል እንደ ሕፃን ጮኸ። ተደግፎ እስኪዝል አለቀሰ፤ እኛም አለቀስን። ትንሽ ሲረጋጋ ሰዒድ እግሩ ሥር ወድቆ «አውፍ በለኝ» አለው። ጀማል ክንዱን ይዞ አነሳው።

«በርበራ ላይ ነው ያየሁት» አለ። «መንገዱን ሙሉ ላለቅስላት ፈልጌ እንባዬ እምቢ አለኝ። ሰው እስኪነግረኝ ነበር የምጠብቀው።»